ከዜሮ በታች የወረደው ሰርግ

እስከ ፋሲካ ደምበጫ ድርሽ አልልም። ምክንያቱ ቆሎ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ፊልም እንዴት እንደምመዝን ልንገራችሁ።

አይኤምዲቢ የሚባለው የፊልም ድረ ገጽ ላይ ሕዝቡ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። ሮተን ቶማቶስ (የበሰበሰ ቲማቲም) የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ በመቶኛ ነው፤ እዚህ ደብረ ማርቆስ ያሉ ጓደኞቼ 95 በመቶ ሲያዩ «ከመቶ 95 አመጣ» ብለው ያጨበጭባሉ። እሱ እኮ የፈተና ውጤት አይደለም! ከመቶ ሐያሲ 95ቱ «ደህና ነው» አሉ ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም። ሁሉም «እንግዲህ ይታያል፣ ምን ይደረግ» ብለው ቢያልፉት እንኳ ፊልሙ 100 በመቶ ይዞ ይኩራራል። ይህን ሳስረዳቸው ስንት ዘመኔ፤ የእነሱ ጥያቄ አሁንም «ታዲያ ቲማቲሙ ለምን አስፈለገ?» ነው።

እኔ የምመዝነው በቆሎ ነው። በቆሎ ስል እሸቱን አይደለም፤ የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራና ሱፍ ጣል ጣል የተደረገበት። አንድ የሻይ ብርጭቆ ጢም አድርጌ ይዤ እቀመጣለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ውጤቱ ነው። ግማሽ ከቀረ 5፤ ባዶ ከሆነ 0፤ ሁለተኛ ብርጭቆ ካስሞላሁ ከዜሮ በታች። ዓይን ሥራ ሲፈታ አፍ ሥራ ይጀምራላ! የሚያስፈራ ፊልም ላይ ግን 2 እጨምራለሁ፤ ስፈራ ሳላውቀው ነው የምቅመው።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» መጀመሪያ ያየሁ ቀን 9 ከግማሽ ሰጠሁት። ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ በፈረንጆቹ 2008 የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል፤ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ፈረሱን ወስዷል። እኔ ቤት የተሸለመው እንዲህ ነው፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ሲመለስ አፌ ውስጥ የጣልኳት አንዲት ሽምብራ፣ 140 ደቂቃው ሲያልቅ ሳትታኘክ ምላሴ ሥር ረጥባ ተገኘች።

ይህን ሥርዓት ከእኔ ሌላ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ ማሙሽ። የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ነው፣ ማርቆስ እኔ ጋር ሆኖ ይማራል። ቆሎውን የሚገዛው እሱ፣ የተረፈውን የሚበላውም እሱ። ስለዚህ ጥሩ ፊልም ይወዳል።

ወደ ጉዱ ልምጣ። ጥር ላይ የማሙሽ እህት ደምበጫ ተዳረች። ካሜራማኑ «ኤዲት ላይ ነው» እያለ እያለ ፍላሹን ያመጣው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። አጎቴ ደወለ። «አንተ የፊልም ሰው ነህ፤ መጥተህ እይልንና ደህና መሆኑን ንገረን።» ማሙሽን ይዤ፣ በሚኒባስ አማኑኤልን አልፌ ከች አልኩ።

ቤቱ ሞልቷል። ሙሽሪትና ሙሽራው መሀል ላይ፣ ጎረቤት ግድግዳውን ታክኮ፣ አንዲት መነኩሲት ጥግ ላይ፣ ቡናው እየተቆላ። እኔን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጡኝ፤ የአጎቴ ሚስት አንድ ሳህን ቆሎ ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። «ብላ ሆዴ፣ ጾም ነው፣ ሌላ የምሰጥህ የለኝም።»

ቪዲዮው 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው።

የሙሽሮቹ ስም በወርቅ ቀለም እየተሽከረከረ ሦስት ጊዜ መጣ። ድሮኑ ከዳሱ በላይ ወጣ፤ ወረደ፤ የረሳው ነገር ያለ ይመስል እንደገና ወጣ። ከዚያ ሙሽራው የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ። በስሎው ሞሽን። ያቺን አንዲት ቁልፍ ከፊት አየናት፣ ከጎን አየናት፣ ከላይ አየናት፣ በመጨረሻም በመስታወት ውስጥ አየናት፤ በላይዋ ላይ ቀይ ልብ እየዘነበ። አራተኛው ላይ ሳህኔን ዝቅ ብዬ ባየው ባዶ ነው።

«እሰይ! እሰይ! የከተማ ልጅ ቆሎ አይወድም ያለው ማነው!» የአጎቴ ሚስት ሞሉልኝ።

ቀጥሎ ግብዣው መጣ። ካሜራው ከገበታ ገበታ እየዞረ፣ ሰው ሁሉ ጉንጩን ወጥሮ ዓይኑን ሲያርገበግብ ያሳያል። ብርንዶው ሲቆረጥ ደግሞ በቅርብ። በሁዳዴ! መነኩሲቷ «በስመ አብ» ብለው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ነጠላው ግን ሳሳ ያለ ነው፣ ልብ ብያለሁ። እጄ ከሳህኑ ወደ አፌ ይመላለሳል፤ እኔ አላዘዝኩትም። ሦስተኛው ሳህን መጣ።

ቶናው ሲቀዳ አጎቴ ቪዲዮውን አስቆመና ወደ እኔ ዞረ። «እህ፣ የፊልም ሰው! እንዴት አገኘኸው?»

«በጣም ቆንጆ ነው ጋሼ። በተለይ ድሮኑ።»

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ በሰላም አረቄ ቀምሼ ወደ ቤቴ ነበርኩ። ማሙሽ ግን ከምንጣፉ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «ሦስተኛ ሳህኑ ነው፤ ከዜሮ በታች ወርዷል» አለ።

«ምኑ?»

ልጁ አስረዳ። በደንብ አስረዳ። አስተማሪ ቢሆን ይዋጣለታል፤ ብርጭቆውን፣ ግማሹን፣ ዜሮውን፣ ለማስፈራሪያ የሚጨመረውን 2 ሳይቀር። ስለ «ጤዛ» ሽምብራም ተናገረ። የአጎቴ ሚስት መጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«ከዜሮ በታች?» አለች ሙሽሪት። «ሰርጌ?»

«ኧረ ስሚኝ፣ ርቦኝ እኮ ነው! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ...»

«ማርቆስም ጾመህ ነው የምትመዝነው» አለ ማሙሽ።

ሙሽራው ጎንበስ ብሎ፣ «ቁልፏ ላይ ነው አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ። «እኔም ብዬው ነበር።»

አጎቴ በሰፈሩ ሽማግሌነት የተቀመጠ ሰው ነው፤ ነገር ሳይጣራ አይፈርድም። ጉሮሮውን ጠረገና «እሽ። ይደገም» አለ።

ከመጀመሪያው ተጀመረ። የወርቁ ስም ተሽከረከረ፤ ድሮኑ ወጣ። አሁን ግን ቴሌቪዥኑን የሚያይ የለም፤ ቤት ሙሉ ሰው እጄን ነው የሚያየው። አዲስ የተሞላው ሳህን ጭኔ ላይ አለ። ቀኝ እጄን ጭኔ ሥር ቀበርኩት። ቁልፏ አራቱንም ጊዜ አለፈች፣ አልነካሁም። ልቡ ዘነበ፣ አልነካሁም። ሙሽሪት ፊቷ ፈታ እያለ መጣ። ብርንዶው ጋ ስንደርስ 10 ልሰጥ ምንም አልቀረኝም።

የአጎቴ ሚስት ግን ሳህኑን እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምነው ሆዴ፣ ቆሎዬን ጠላኸው? አረረብህ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ታዲያ ብላልኛ! አፈር ስሆን!» ከሳህኑ ጭብጥ ሙሉ ዘግነው አፌ ላይ ደቀኑት።

ወደ ሙሽሪት አየሁ። ወደ እሳቸው አየሁ። ማሙሽ ብርጭቆ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሮጠ።