ሰፈፍ ሰፈፍ የሸተተ የገና ሌሊት

የ2012 ዓ.ም. ገናን ያሳለፍኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ነው። ዘመኑ ዮሐንስ ስለነበር በዓሉ የዋለው ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ ነበር። ጓደኛዬ በየዓመቱ «እናቴ ዘንድ ነይና ገናን እይ» እያለች ስትለምነኝ ኖራለች። እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሣን፤ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ወርደን ደጀን ወጣን፤ ሲመሽ ደረስን።

ሰኞ ረፋድ እማማን ጓዳ ውስጥ ጧፍ ሲሠሩ አገኘኋቸው። ጧፍ ገዝቼ እንጂ ሲሠራ አይቼ አላውቅም ነበር። ከጠጅ የተረፈውን ሰፈፍ፣ የማሩን ሰም፣ አቅልጠው በጨርቅ አጥልለውታል። ጥጡንም ራሳቸው ናቸው የፈተሉት። ክሩን ደራርበው ይገምዱና ለብ ያለውን ሰም እያለበሱ በሁለት መዳፋቸው መካከል ያሹታል። ሰሙ እኩል ካልተዳረሰ ሲነድ ይንጣጣል አሉኝ። እኔም አንድ ሞከርኩ፤ ወገቡ ላይ ጎበጥ ብሎ ወጣ። «ግድ የለም ልጄ፣ ይነዳል» ብለው ከሌሎቹ ጋር አሰሩት።

ማታ በቀጭን የእግር መንገድ ተከታትለን ወጣን። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። በደቡቡ በር በኩል ገብተን ከሴቶቹ ጋር ቆምን። ማኅሌቱ ተጀምሯል። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከዚያ መቋሚያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘመም ዘመም ማለት ጀመረ፤ ቀጥሎ ጸናጽሉ፣ ከዚያ ከበሮው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ አይቸኩልም። ሳትቸኩሉ አብራችሁት ከቆማችሁ ግን ወረቡ ላይ፣ ከበሮውና ሽብሸባው የሚደምቅበት ላይ፣ ሲደርስ እግር ራሱ ይነሣል። እልልታው ሲቀልጥ እንባዬ መጣ፤ አልጠረግኩትም።

አገሩ ጎጃም ነውና ያለ ቅኔ አይታደርም። ዋሸራና ጎንጅ የተባሉት የቅኔ ቤቶች ሊቃውንት ያፈሩበት አገር ነው፤ ሌላው የቅኔ ደብር ዲማ ጊዮርጊስም ከቢቸና ቅርብ ነው። አንድ ደበሎ የለበሰ ተማሪ፣ ጢሙ ገና ያላቀመቀመ፣ ተነሥቶ ጉባኤ ቃና አቀረበ። ሁለት ቤት ናት፤ ግን መሪጌታው ሰምተው ሳይጨርሱ «ይበል! ይበል!» አሉ። ግእዝ አለመማሬ እንደዚያ ሌሊት ቆጭቶኝ አያውቅም። የጓደኛዬ አጎት ናቸው ኋላ መንገድ ላይ የፈቱልኝ፦ «ሰሙ ጧፍ ናት ልጄ፤ ወርቁ እመቤታችን። ብርሃኑን ይዛ ሳትቃጠል የቆመች ማለቱ ነው።»

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ እሳቱ ከእጅ ወደ እጅ መጣ። ከፊቴ የቆመች ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ ዞራ ጧፏን ዘንበል አደረገችልኝ፤ ከእሷ ለኮስኩ። በእጄ ያለው ያ ጎባጣው ነበር። እሳቱ ጉብታው ላይ ሲደርስ ተንጣጣና አንድ የሰም ጠብታ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ፤ ትኩስ፣ ወዲያው ደረቀ፣ ማር ማር ሸተተ። እማማ የነጠላዬን ዘርፍ ከነበልባሉ ሳብ አድርገው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ ዓይናቸው ግን ከመጋረጃው አልተነቀለም። በዙሪያዬ የነበረው ብርሃን ሁሉ ከአንድ ጓዳ፣ ከአንድ ቀፎ፣ ከአንዲት እናት እንዝርት የመጣ ነው። እንዲያ ያለ ብርሃን የትም አላየሁም።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ሰማዩ ገና ጥቁር ነው፤ ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባባለ ይሳሳማል። እማማ የቀረችውን ቁራጭ ጧፌን በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው አጠፉና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ቤት እንደገባን ፈቱት፤ ለኩሰው ምሰሶው ላይ ለጠፏት፤ በእሷ ብርሃን የዶሮውን ወጥ አወጡልን።