አማካዩን ጻፊው

አለቃዬ ጥሩ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ ልበል፤ ቀጥሎ የምለው እንደዚያ ላይመስል ይችላልና።

የድሮ ባግፓይፖችን (የአየር ከረጢት ያላቸውን የሙዚቃ መሣሪያዎች) ቀዳዳ እንለካለን። ያኔ እጄ ላይ የነበረው የአየርላንድ ቻንተር ነው፤ ዜማው በጣት የሚጫወትበት ቱቦ፤ ቦክስውድ ከሚባል እንጨት የተሠራ፣ በሪዱ (ድምፅ በሚያወጣው ምላስ) በኩል ጠባብ ሆኖ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ። ክቦቹን የናይለን መለኪያዎች ከሰፊው ጫፍ እያስገባሁ፣ እያንዳንዱ የቆመበትን ጥልቀት ጻፍኩ። ግራፉ ሲሳል ለስላሳ መጣ። ያጠራጠረኝም ማማሩ ነው። የዚያን ያህል ዕድሜ ያለው እንጨት እንዲህ አይታዘዝም።

ጠፍጣፋውን መለኪያ ሰደድኩት። ቆመ። ሩብ ዙር ሳዞረው 12 ሚሊሜትር ሰመጠ! ቀዳዳው በየ50 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሰፋ፣ በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል የሩብ ሚሊሜትር ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ሞላላ ሆኗል። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ክብ መለኪያ ደግሞ የሚነግርህ ጠባቡን ብቻ ነው።

ሁለቱንም ቁጥር ጻፍኩ። ቅጹ ግን ለዲያሜትር ያለው አንድ ሳጥን ነው።

«ይሄ ምንድነው፣ ሁለት ቁጥር?» አሉኝ።

«ቀዳዳው ሞላላ ነው።»

«ሠሪው ሞላላ አድርጎ ነው የቦረቦረው?»

«አይ፣ እሱስ ክብ ነበር። እንጨቱ ነው።»

«እንግዲያው ክብ ነው። አማካዩን ጻፊው።»

«አማካዩ እኮ ሠሪው የቦረቦረው አይደለም፤ ዛሬ ያለውም ቅርጽ አይደለም። የት ነው ያለው?»

«ወረቀቱ ላይ።»

ይህን ሰምቶ ምን ይባላል? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። በሳጥኑ ውስጥ አማካዩን ጻፍኩ። ማስታወሻው ላይ ግን ሁለቱንም ቁጥር፣ ሰፊው ከጣት ቀዳዳዎቹ አንጻር በየት በኩል እንደሆነ፣ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት፣ ሁሉንም ደረደርኩ። «አማካይ፤ በኃላፊ ትእዛዝ» የምትል ሐረግም ጨመርኩ። ትንሽ ተንኮል አላት፤ አልክድም።

በኋላ ያንን ቻንተር አስመስሎ መሥራት የፈለገ ባለሙያ መጣ። አለቃዬ ቅጹን ከፍተው ማስታወሻዬን አነበቡለት። የመጨረሻዋን ሐረግ ዘለሏት። «እኛ ጋ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሁለቱንም እንመዘግባለን» አሉት። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ሰውየው ማስታወሻውን ተቀብሎ ራሱ አነበበው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ለመጀመሪያው ሙከራ መቦርቦሪያውን በየትኛው ቁጥር እንደሚሞርድ ጠየቅኩት። ሰፊውን፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሮበት ይለኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ሰፊውም ቢሆን ተኮማትሯላ።

«በአማካዩ ልጀምር» አለ። «ልዩነቱ እንዲህ ትንሽ ሲሆን ለድምፁ ዋናው የቀዳዳው ስፋት፣ ማለትም ኤሪያው ነው፤ ቅርጹ ብዙም አይጎዳውም።»

አለቃዬ ምንም አላሉም። ብዕራቸውን አውጥተው ያቺን የዘለሏትን ሐረግ ከሥሯ አሰመሩባት።