የእናቴ ሳል እና የፋርማሲስቷ ጥያቄ

ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ሰው ሲያስል ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አቧራው። ግንባታው አያልቅም፣ የጭነት መኪናው አያቋርጥም። እናቴን ጥር መግቢያ ላይ ደረቅ ሳል ሲጀምራት ማንም ያልተደነቀው ለዚህ ነው። ዝንጅብል በማር ተፈላላት፣ ዳማከሴ ተጨመቀላት፣ ሽሮፕ ተገዛላት። ሳሉ አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ጉሮሮዋን እየከረከረ ሌሊት ከእንቅልፏ ያስነሳታል። ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ለሳንባ ነቀርሳ ተመርምራ ነፃ ሆነች፤ ራጁም ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ደብተር አወጣሁና ከመስከረም ወዲህ በሕይወቷ የተለወጠውን ሁሉ ጻፍኩ። ብዙ አልነበረም። ኅዳር ላይ የደም ግፊት ኪኒን ጀምራለች፤ ኢናላፕሪል። ከካርቶኑ ውስጥ የታጠፈችውን ስስ ወረቀት አውጥቼ እንደ ጉንዳን የተርመሰመሱ ፊደሎቿን አነበብኩ። ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ መካከል ደረቅ ሳል አለ። እርግጥ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የማይጠቀስ በሽታ የለም፤ ስለዚህ ብዙም አላመንኩትም። በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙን ልጠይቅ ብዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ደረስን። እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ታስላለች፤ ከፊት ለፊታችን የተቀመጠች ሴት ደጋግማ ታየናለች። ሳሉ አስቸግሯት መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ለየኋት፤ ሁለተኛ ደረጃ አብረን የተማርን፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ያልተያየን። የሟች ዘመድ ሆና ከሐዋሳ መምጣቷ ነው። ሰላምታው እንኳን በቅጡ ሳያልቅ ወደ እናቴ ዞረች፤ «እማማ፣ የግፊት ኪኒን ይወስዳሉ?»

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ሳቋ አመለጣትና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ለካ ፋርማሲስት ሆናለች።

ቀስ ብላ አስረዳችን። ኪኒኑ ግፊት የሚጨምረውን ኢንዛይም ሥራ ይገታል፤ ያው ኢንዛይም ግን ብራዲካይኒን የሚባለውን ንጥረ ነገርም የሚሰባብር ስለሆነ፣ ያ ሳይሰባበር ተከማችቶ የአየር ቧንቧን ይቆጠቁጣል። ሳሉ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ሴቶች ላይ ይበረታል፤ ሽሮፕ አይመልሰውም። የዚህ ወገን የመጀመሪያው ኪኒን ካፕቶፕሪል የተገኘው የብራዚል እባብ መርዝ ተጠንቶ እንደሆነም ነገረችን። እናቴ «እባብ ነው እንዴ ስታበሉኝ የከረማችሁት?» ስትል ከኋላችን ያሉ አዛውንት ገላመጡን። ጓደኛዬ አንድ ነገር አጥብቃ አስጠነቀቀችን፤ «ራሳችሁ እንዳታቋርጡት። ግፊት ሳይታከም ቢቀር ሳያስል ነው ስትሮክ የሚጥለው።»

እናቴ እግዚአብሔር ነው የላካት ትላለች። አልከራከራትም። ፋርማሲስት ለቅሶ መድረሷ ምንም አይገርምም፤ ወረቀቱ በዚያው ቀን ኪሴ ውስጥ መገኘቱ ግን እስካሁን ይገርመኛል።

ሐኪሙ ዘንድ ስንቀርብ ታሪኩን አላወራሁም። ወረፋው ረጅም፣ ጊዜው አጭር ነው። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በአንድ መስመር የጻፍኩትን ሰጠሁት፤ «መድኃኒቱ ኅዳር፣ ሳሉ ጥር፣ የነቀርሳ ምርመራ ነፃ»። ይህን ያህል ነበር የሚያስፈልገው። እናቴ አረፍ ካለች በኋላ ግፊቷን ሁለት ጊዜ ለካና ኪኒኑን በአምሎዲፒን ቀየረላት። ወዲያው አልተሻላትም፤ ለውጡ ሳምንታት እንደሚወስድ ስለተነገረን ግን አልተደናገጥንም። ሁዳዴ ሳይጋመስ ሳሉ ጠፋ። አዲሱ ኪኒን ደግሞ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷን ትንሽ ያሳብጠዋል፤ እሱም የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ጽፌ ይዤዋለሁ።

እናቴ አሁን በእድሩ ያሳለውን ሁሉ የግፊት ኪኒን ትወስዳለህ ወይ እያለች ትጠይቃለች። አንድ ወጣት ምንም እንደማይወስድ ሲነግራት፣ «እንግዲያው ነገ ጤና ጣቢያ ሄደህ አክታህን አስመርመር» ብላ አፋጠጠችው። መሄዱን ሰምተናል፤ ውጤቱን ገና አልነገረንም።