«ግሉኮስ ስቀሉላት»

ባቲ ሰኞ ገበያ ነው። የምሠራበት ድንገተኛ ክፍል በዚያ ቀን መተንፈሻ የለውም። አንድ ሰኞ ተረኛ ሆኜ ስገባ አንዲት እናት አልጋ ላይ ተኝታለች። ከሌሊት ጀምሮ እንደ ውሃ ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል። ዓይኗ ጎድጉዷል። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ተጨማዶ ቀረ። የደም ግፊቷ 70/40 ነው።

ፈሳሽ ተሰቅሎላታል፤ ግን ለውጥ የለም። ከረጢቱን አዙሬ አነበብኩት። 5 ፐርሰንት ደክስትሮስ፤ ሰው ግሉኮስ የሚለው ስኳር ያለበት ውሃ። ባልየው «ግሉኮስ ስቀሉላት» እያሉ ሲለምኑ ባልደረባዬ እሱን አንስቶ ሰቅሎት ነበር።

ወዲያው ጨው ባለው ፈሳሽ፣ በሪንገር ላክቴት ቀየርነው። በሁለት ደም ሥር መስመር ከፈትን። ክብደቷን 50 ኪሎ ገምተን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 1.5 ሊትር፣ ቀሪውን 3.5 ሊትር ደግሞ በሁለት ሰዓት ተኩል።

«ሲስተር፣ ምነው ነቀልሽባት? አቅም የሚሰጣት እሱ አይደል?» አሉኝ።

«አብሽሩ አባባ። የወጣባት ውሃና ጨው ነው፤ እሱን ነው የምንመልስላት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። 5 ፐርሰንት ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር ማለት ነው። ሰውነት ስኳሩን ቶሎ ይጠቀምበታል፤ የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው። ባዶ ውሃ ደግሞ ደም ሥር ውስጥ አይቆይም፣ ወደ ሴሎች ይሰራጫል። ከአንድ ሊትር ደም ሥር ውስጥ የሚቀረው 100 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ግፊቷ በምን ይነሳ? ይባስ ብሎ በተቅማጥ የጎደለውን የደም ጨው፣ ሶዲየምን፣ የበለጠ ያቀጥነዋል። ሶዲየም በጣም ሲወርድ አንጎል ያብጣል፣ ሰው ያንቀጠቅጣል።

አቅም ይሰጣል የሚባለውም ቢሆን፣ የአንዱ ሊትር ጉልበት 170 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ይበልጠዋል።

ስኳር የሚያስፈልግበት ቦታማ አለ፤ እዚያ ላይ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። ወባ የጠናበት ሕፃን ራሱን ስቶ ሲመጣ መጀመሪያ ስኳሩን እንለካለን። ከወረደ 40 ፐርሰንቱን ደክስትሮስ ወደ 10 ፐርሰንት አቅጥነን እንሰጠዋለን። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 15 ሚሊ ሊትሩን ከ45 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ጋር ቀላቅለን፣ ቀስ አድርገን። 40 ፐርሰንቱ እንዳለ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል።

እናትየዋ ነቅታ «ውሃ» ስትል ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ንጥረ ነገር፣ አቀረብንላት። እሱም ስኳር አለው፣ በሊትር 13.5 ግራም። እዚያ ግን ስኳሩ የገባው አንጀት ጨዉን እንዲስብ ነው፤ ውሃው ጨዉን ተከትሎ ይገባል። ባልየው ኩባያውን ይዘው በማንኪያ ያጠጧት ጀመር።

ያን ሳምንት ደክስትሮሱን ከሪንገሩና ከጨው ውሃው (ሳላይን) ለይተን ሌላ መደርደሪያ ላይ አደረግነው። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችም ከመስቀላቸው በፊት ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብለው ያነቡልኛል።