12.50 እንዴት 1250 ሆነ

ነገሩ የደረሰው በአንድ የትዕዛዝ መመዝገቢያ የአንድሮይድ መተግበሪያ ላይ ነው። አዲሱ ቨርዥን በወጣ ማግስት የክራሽ ሪፖርቱ (መተግበሪያው በድንገት ሲዘጋ የሚላከው ዘገባ) በነምበርፎርማት ኤክሴፕሽን፣ ማለትም «ይህ ጽሑፍ ቁጥር አይሆንም» በሚል ስህተት፣ ተሞላ። መልእክቱ አልነበብ ያለውን ጽሑፍ ጭምር ያሳያል፦ «12,50»። በገንቢዎቹ ስልኮች ላይ አንዴም አልታየም። ሲጣራ፣ መተግበሪያው የሚዘጋባቸው ስልኮች ሁሉ ቋንቋቸው ጀርመንኛ ሆኖ ተገኘ።

ጥፋቱ የሁለት መስመር ኮድ ነው። አንዱ የዕቃውን ዋጋ በስትሪንግ ፎርማት (ቁጥርን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ትዕዛዝ) ሁለት የአስርዮሽ አሃዝ ሰጥቶ በዋጋ መሙያው ሳጥን ውስጥ ይጽፈዋል። ሌላው «አስቀምጥ» ሲጫን ያንኑ ጽሑፍ ቱደብል በሚባል የኮትሊን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋው) ትዕዛዝ ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። ስትሪንግ ፎርማት ሎኬል (የቋንቋና የአገር አጻጻፍ ቅንብር) ካልተሰጠው የስልኩን ይከተላል፤ በጀርመንኛ ደግሞ የአስርዮሽ ምልክቱ ኮማ ነው። ቱደብል ግን ሎኬል አያውቅም፤ የሚያውቀው ነጥብን ብቻ ነው። መተግበሪያው ራሱ የጻፈውን ማንበብ አቃተው።

መጀመሪያ የቀረበው መፍትሔ ቱደብል-ኦር-ነል ተጠቅሞ (ማንበብ ሲያቅተው ከመዝጋት ይልቅ ነል፣ ማለትም «ባዶ» ይመልሳል)፣ ነል ሲመጣ 0 መስጠት ነበር። ደግነቱ በሪቪው፣ ኮዱ በባልደረቦች ሲገመገም፣ ወደቀ፤ ክራሹን ደብቆ ዕቃውን በነፃ የሚሸጥ ኮድ ነውና። በምትኩ ሎኬል የሚያውቀው የቁጥር ማንበቢያ፣ ነምበርፎርማት፣ ገባ። ክራሹ ቆመ፣ የባሰው መጣ። የሳጥኑ የግብዓት ዓይነት ነምበር-ደሲማል (የአስርዮሽ ቁጥር) ነው፤ ሌላ ነገር ካልተነገረው ከአሃዝ በቀር የሚቀበለው ነጥብን ነው፣ ኮማ ቢጫን እንኳ አይገባም። ስለዚህ ጀርመንኛ ተጠቃሚው ወዶም ባይሆን 12.50 ይጽፋል። ለጀርመንኛው ነምበርፎርማት ግን ነጥብ የሺህ መለያ ነው። ከኋላው ሦስት አሃዝ ባይኖርም ዘልሎት ያልፍና 1250 ብሎ ይመልሳል። ኤክሴፕሽን የለ፣ ሎግ (የስህተት መዝገብ) የለ። ያወቀው ሂሳብ ክፍል ነው።

አሁን ዋጋው ቪውሞዴል (የገጹን መረጃ የሚይዘው የኮድ ክፍል) ውስጥ በቢግደሲማል (የአስርዮሽ ቁጥርን በትክክል በሚይዝ ዓይነት) ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው ካልነካው ከሳጥኑ ተመልሶ አይነበብም። ሳጥኑ በዲጂትስ አትሪቢዩት (የሚፈቀዱ ምልክቶች ዝርዝር) ነጥብንም ኮማንም ይቀበላል። ሲነበብ ዳርና ዳሩ ያለው ክፍት ቦታ ትሪም ይደረጋል (ይቆረጣል)፣ ኮማው በነጥብ ይተካል፣ ከዚያ ቱቢግደሲማል-ኦር-ነል ይጠራል። ነል ከመጣ ከሳጥኑ ሥር የስህተት ጽሑፍ ይወጣል፣ ማስቀመጥም አይቻልም። ከምልክቱ በኋላ ከሁለት አሃዝ በላይ ካለም እንዲሁ፤ ኮፒ ተደርጎ የገባ 1.250 ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ይሁን አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ማንም በእርግጠኝነት አይለየውም። ወደ ሰርቨር የሚሄደው በቱ-ፕሌን-ስትሪንግ ወደ ጽሑፍ ተቀይሮ ነው፤ ስልኩ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን ነጥብ ይጽፋል።

ከመልቀቅ በፊት የሚደረገው ሙከራም ስልኩን አንዴ በጀርመንኛ፣ አንዴ በግብፅ አረብኛ አድርጎ ነው። በአረብኛው፣ ስትሪንግ ፎርማት ምልክቱን ብቻ ሳይሆን አሃዞቹን ራሳቸውን ይቀይራል፤ የድሮው ኮድ እዚያም ይወድቅ ነበር።