ሲሚንቶ ሽቅብ፣ ድንች ቁልቁል

ደብል ካቢን ፒክአፕ መግዛቴን የሰማ ሁሉ «ነጋዴ አይደለህ፣ ምን ያደርግልሃል?» ይለኛል። ዘመዶቼ ያሉት ጎጃም ነው። ልጆቼ ካቢኑ ውስጥ ተመቻችተው ይቀመጣሉ፤ የዘመድ ዕቃ ካሶኒው ላይ ይጫናል። አስፋልቱ ሲያልቅም አልሳቀቅም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነድተን ደብረ ማርቆስ አደርን። በማግስቱ አጎቴ ጮቄ ተራራ ሥር ለሚሠሩት ቤት 10 ከረጢት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጫንን። ሲሚንቶው ብቻ 5 ኩንታል ነው። የመኪናዋ አቅም 1 ቶን ገደማ ነው፤ የሰዉም ክብደት እዚያው ውስጥ ይቆጠራል።

«ወደ ካቢኑ አስጠጉት!» አሉ አጎቴ። «ኋላዋ ከከበደ ፊቷ ይቀልና መሪ አትሰማም።» እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮው ከካሶኒው ስለሚረዝም ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። ገመዱ የሚያርፍበት ጠርዝ ሁሉ ላይ ጆንያ አጥፈን አደረግን፤ የቆርቆሮ ጠርዝ ገመድ እንደ ምላጭ ይበጥሳል።

ከሮብ ገበያ በኋላ ዝናብ ያራሰው ዳገት መጣ። መኪናዋን አቁሜ፣ አራቱም ጎማ በዝግታና በጉልበት እንዲጎትት ፎር ዊሉን ሎ ላይ አስገባሁ። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳያበዙ፣ ፍሪሲዮን ሳይነኩ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ብዙ ሰው ጭቃ ላይ ባዶ ፒክአፕ የሚሻል ይመስለዋል። ኋላዋ ሲቀል ግን ጎማው መሬት አይቆነጥጥም፤ ባሌስትራውም ያነጥራል። ያረጋጋን ጭነቱ ነው።

ዕቃውን አራግፈን ልጆቹን ወደ ላይ ወሰድኳቸው። የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብዙ የአባይ ገባሮች የሚነሱት ከዚህ ነው። ከቁመታቸው የሚበልጠውን ጅብራ የሚባል የደጋ ተክል እየዞሩ ሲያዩ ብርዱን ረሱት። ለዚህች ሰዓት ስል ብቻ መኪናዋን በድጋሚ እገዛት ነበር።

ስንመለስ አጎቴ ድንች አስጫኑን። «ጨምር እንጂ ልጄ!» ቢሉኝም 3 ኩንታል ላይ አቆምኩ፤ ከፊታችን አባይ በረሃ አለ። ከደጀን ቁልቁል ጭነት ይገፋል። ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፣ ሲብስም አልይዝ ይላል። ገና ከላይ ማርሽ ቀንሼ በሞተሩ እየያዝኩ ወረድኩ። በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን የጎሐ ጽዮንን ዳገት ስንጀምር፣ ኤርኮንዲሽነሩን አጥፍቼ የሞተሩን ሙቀት መለኪያ እያየሁ ወጣሁ።