የጠፉት ቻናሎች በሙሉ «ኤች» ነበሩ

ፈጽሞ የጠፋ ሥርጭት ብዙ አያደክምም። ዲሹን ንፋስ አዙሮታል፣ ኬብሉ ተበጥሷል ወይም ሪሲቨሩ ተቃጥሏል፤ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል፣ ይሠራዋል፣ ያልቃል። ሰውን የሚያንገላታው መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ነው። የእኛም ቤት ችግር እንዲህ ያለ ነበር። ቀን ሁሉም ቻናል ጥርት ብሎ ይታያል። ከመሸ በኋላ ግን ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ ድምፃቸው ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ይበታተናል፣ በመጨረሻ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጠዋት ረፈድ ሲል ማንም ሳይነካው ይመለሳል።

በየወሩ ወደምንከፍለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ስደውል የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀሉት፣ ትንሽ ጠብቀው መልሰው ይሰኩት»። ነቅዬ ሰካሁ። ሌላ ቀን ሌላ ሰው አነሳና «የአየር ሁኔታው ነው፣ ይታገሱን» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ሪሲቨርዎ አርጅቷል፣ አዲስ ቢገዙ ይሻላል» አለችኝ። ባለሙያ ሲላክ የሚመጣው በሥራ ሰዓት፣ በቀን ነው። ቴሌቪዥኑን ይከፍተዋል፣ ሁሉም ይሠራል፤ «ችግር የለም» ብሎ መዝግቦ ይሄዳል። ማታ እንደገና ይጠፋል፣ ስደውል ደግሞ ከዜሮ እንጀምራለን፤ ትናንት የተባለውን የሚያውቅ የለም። ክፍያው ግን በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ይጠየቃል። ይህ በጣም ያናድዳል፤ የሚናደዱ ደንበኞችንም በሚገባ እረዳቸዋለሁ።

«አየሩ ነው» የሚለው መልስ ባዶ ሰበብ አይደለም። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ሲግናል ዲሹ ጋ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። አብዛኛው የቤት ዲሽ የሚቀበለው ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ያለውን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ይመጠውና ይበትነዋል። ነገር ግን ዝናብ ሲያጠፋ ሁሉንም ቻናል ያዳክማል፣ ሲያባራ ደግሞ ይመልሳል። የእኔ ግማሹን ብቻ ነበር የሚያጠፋው፣ ያውም ሰማዩ ኮከብ በኮከብ በሆነበት ምሽት። አንዱ ሠራተኛ ፀሐይን ጠቅሶልኝ ነበር። እውነት ነው፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወቅቶች አካባቢ ለተወሰኑ ቀናት ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ትሆንና ለደቂቃዎች ሥርጭቱን ታውካለች። ይህ ግን ፀሐይ ሳትወጣ አይሆንም። የእኔ ችግር የማታ ነው።

ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ያሉትን ሁለት መስመሮች ለይቼ ማየት ስጀምር ነው። አንዱ የሲግናል ጥንካሬ ይላል፣ ሌላው የሲግናል ጥራት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ «ሲግናሉ ሙሉ ነው» ይላል። ጥንካሬው የሚለካው በኬብሉ የሚወርደውን ኃይል ሁሉ ነው፣ ከሥርጭቱ ጋር የሚደባለቀው የማይፈለግ ሞገድ፣ ማለትም ጫጫታውም ጭምር። ምስል ለመታየት የሚወስነው ጥራቱ ነው፤ ሪሲቨሩ የመጣለትን መረጃ ምን ያህል ሳይሳሳት ማንበብ እንደቻለ የሚናገረው እሱ ነው። በዲጂታል ሥርጭት ደግሞ እንደ ድሮው አናሎግ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ምስል የለም፤ ጥራቱ ከአንድ ወሰን በታች ሲወርድ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። በጠፉት ቻናሎች ላይ ጥንካሬው ከሞላ ጎደል እንደ ቀኑ ነበር፣ ጥራቱ ግን ዜሮ። ዲሹ ዞሮ ቢሆን ጥራቱ በሁሉም ላይ በወረደ ነበር።

አንድ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። በአንድ በኩል የሚሠሩትን፣ በሌላ በኩል የጠፉትን ቻናሎች ጻፍኩ፤ ሪሞቱ ላይ መረጃ የሚያሳየውን ቁልፍ እየተጫንኩ በየስማቸው ፊት ፍሪኩዌንሲያቸውንና ከጎኑ ያለውን ፊደል አሰፈርኩ። ያ ፊደል ወይ «ቪ» (ቨርቲካል) ነው ወይ «ኤች» (ሆሪዞንታል)፤ ሞገዱ ቆሞ ወይስ ተጋድሞ እንደሚመጣ ያመለክታል። ወረቀቱ ሲሞላ ማስረዳት አላስፈለገውም። በሚሠሩት በኩል አንድም «ኤች» የለም። በጠፉት በኩል ሁሉም «ኤች» ናቸው። የፍሪኩዌንሲው ከፍ ማለትና ዝቅ ማለት ልዩነት አልነበረውም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዲሹ ፊት ያለው ኤልኤንቢ፣ ማለትም ሲግናሉን ተቀብሎ ወደ ኬብሉ የሚያስገባው ትንሽ ዕቃ፣ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር የለውም፤ ሪሲቨሩ ምስሉ በሚወርድበት በዚያው ኬብል ላይ ኤሌክትሪክ ይልክለታል። «ቪ» ሲፈልግ 13 ቮልት፣ «ኤች» ሲፈልግ 18 ቮልት ይልካል፤ ኤልኤንቢው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚቀበል የሚያውቀው በዚህ ነው። በመካከል ወሰን አለ። ሪሲቨሩ 18 ልኮ መንገድ ላይ ተቀንሶ ከወሰኑ በታች ከደረሰ ኤልኤንቢው «13 ነው የተላከልኝ» ብሎ «ቪ» ላይ ይቀራል። ስለዚህ በኬብሉ ሲግናል መውረዱን አያቆምም፣ ግን የሌላኛው ወገን ሲግናል ነው። ጥንካሬው ሞልቶ ጥራቱ ዜሮ የሆነበት ሚስጥርም ይኸው ነበር።

የቀረው ቮልቱን የሚቀንሰው ማን እንደሆነ መለየት ነው፦ ሪሲቨሩ ወይስ ኬብሉ? አዲስ ግዙ የተባልኩትን ሪሲቨር ማታ ጎረቤት ቤት ወስጄ በእነሱ ዲሽ ሞከርኩት። «ኤች» ቻናሎችን በሙሉ ያለ ችግር አሳየ። ይህን ሙከራ ማንም ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት እንዲያደርገው አጥብቄ እመክራለሁ። ምንም አያስከፍልም፣ ግማሹን ጥርጣሬ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ጥሪ ከቀደሙት የተለየ ነበር። ስሜቴን ትቼ ያየሁትን ተናገርኩ፦ «ከምሽት እስከ ጠዋት የሚጠፉት የሆሪዞንታል ቻናሎች ብቻ ናቸው፣ ጥራቱ ዜሮ ነው፣ ሪሲቨሩ በሌላ ዲሽ ላይ ይሠራል፤ 18 ቮልት ኤልኤንቢው ጋ እየደረሰ አይመስለኝም።» ያነሳችው ልጅ «ይቅርታ፣ እኔ ስለ ቮልት አላውቅም» አለችኝ በትሕትና። «ግድ የለም እህቴ፣ እንዳልኩሽ አድርገሽ ጻፊውና አንብቢልኝ» አልኳት። አነበበችልኝ፣ የቅሬታ ቁጥር ሰጠችኝ፣ ወደ ቴክኒክ ክፍል አስተላለፈችው። እዚያ ወንበር ላይ ያሉት ሠራተኞች ፊታቸው ያለው ስክሪን የሚያዛቸውን ነው የሚጠይቁት፤ ከስክሪኑ ውጭ የሆነ ችግር እንዲያልፍ የሚያደርገው ቴክኒሻን ሲያነበው የሚገባው ዓረፍተ ነገር ነው። የቅሬታ ቁጥር ሳይቀበሉ ስልክ መዝጋት ደግሞ ጭራሽ እንዳልደወሉ ነው። ሌላም ነገር ጠየቅሁ፦ ባለሙያው ሲመሽ ይምጣ፣ ካልሆነም ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዞ ይምጣ።

ሲመሽ መጣ፣ ቴስተርም ይዟል። ሪሲቨሩ ጀርባ ሲለካ ቮልቱ ሙሉ ነው፤ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ሁለት ኬብሎች ከተቀጠሉበት ቦታ ወዲያ ሲለካ ግን ወርዷል። ሪሲቨሩን አስነቅሎ ማገናኛውን ፈታው። በላዩ የተጠመጠመው ተራ የኤሌክትሪክ ቴፕ ልጥ ብሎ ተላቋል። የመሃሉ መዳብ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፣ ዙሪያውን የከበበው የሽቦ መረብ ጠቁሮ በጣት ሲነካ እንደ ጥላሸት ይረግፋል። ማታ ጤዛው ሲገባበት ይብስበታል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ደርቆ ለቀኑ ይበቃል። ባለሙያዎቹ ቀን እየመጡ «ችግር የለም» ማለታቸው ለዚህ ነበር።

ጥገናውን አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ኬብሉን ንጹሕ መዳብ እስኪያገኝ ድረስ እየቆረጠ ሄደ፤ ዝገቱ ከማገናኛው አልፎ በፕላስቲኩ ውስጥ ወደ ላይ ገብቷል፣ ጫፉን ብቻ ጠርጎ መመለስ ዋጋ አይኖረውም ነበር። ከሽቦው መረብ አንዲት ክር እንኳ የመሃሉን መዳብ እንዳትነካ እያገላበጠ አየ፤ ከነካች ሾርት ያደርጋል። አዲስ ኮኔክተር አጥብቆ አሰረ፣ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ እየደረበ ጠመጠመበት። በመጨረሻ ኬብሉን ከማገናኛው ዝቅ አድርጎ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ዙር አበጀለት፤ በኬብሉ ላይ የሚወርደው ውሃ እዚያ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ማገናኛው አይሄድም። የዚያኑ ማታ «ኤች» ቻናሎች ሁሉ ተመለሱ።

በራሱ መሞከር የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ማንኛውንም ኮኔክተር ከመፍታቱ በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀል፤ ኬብሉ ላይ ያለው ቮልት ሰው ባይጎዳም ሾርት ካደረገ ሪሲቨሩን ሊያበላሽ ይችላል። እርጥብ ጣሪያ ላይ መውጣት ግን ለየትኛውም ቻናል ሲባል አያስፈልግም። ደህና የሚሠራውን ዲሽም «እስቲ ትንሽ ላስተካክለው» ብሎ መነካካት ሌላ ችግር ማምጣት ነው፤ ዲሽ በጥቂቱ ሲዞር እንኳ ሳተላይቱን ይስታል።

ከጥገናው በኋላ አንድ ጉዳይ ይቀር ነበር፣ አገልግሎት ሳላገኝ የከፈልኩበት ጊዜ። የቅሬታ ቁጥሩንና በዚያ ማታ የጻፍኩትን ወረቀት ፎቶ አያይዤ ለድርጅቱ በጽሑፍ ላክሁ። መጀመሪያ «በጥሪ ታሪክዎ ላይ ብልሽት አልተመዘገበም» የሚል መልስ መጣ፤ ባለሙያው ራሱ በጥገና ሪፖርቱ ላይ የጻፈውን ጠቅሼ መለስኩላቸው። ከዚያ በኋላ የአገልግሎት ጊዜዬን አራዘሙልኝ። ካጣሁት ያንስ ነበር፣ ግን ተቀበልኩት። አሁን ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት ከአንድ «ቪ» እና ከአንድ «ኤች» ቻናል ላይ የጥንካሬውንና የጥራቱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፤ ዳግመኛ ከደወልኩ ጥራቱ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ በቁጥር እነግራቸዋለሁ።